«ሚስትህን አዲስ አበባ ተዋት» ላሉት ጸሐፊ፣ ከሚስትየዋ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ እህቴ ናት፤ «ከማንበብሽ በፊት ደም ግፊትሽን ተለኪ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጨምራበታለች። ርዕሱ «ለደመወዝ ብለህ ቤትህን አትንቀል» ይላል። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። አጻጻፋቸው የትልቅ ሰው ስለሆነ አንቱ እያልኩ እቀጥላለሁ። የረጋ ጽሑፍ ነው። ማንንም አይሳደብም። ስድብ ቢሆንማ አልፌው ነበር።

ላላነበባችሁት ሐሳቡ ይሄ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉት አንድ አባት ከአዲስ አበባ ውጭ የተሻለ ሥራ አገኘ እንበል። ምን ያድርግ? ጸሐፊው ለምሳሌ የወሰዱት ደብረ ብርሃንን ነው። ፋብሪካ ስለበዛባት ብዙ ወጣት ባለሙያ ወደዚያ ይሄዳልና። ምክራቸው «ብቻህን ሂድ፣ ሚስትህንና ልጆችህን አዲስ አበባ ተዋቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለስ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት እየው» የሚል ነው። ምክንያትም ይደረድራሉ። ብቻህን ብትሄድ ወጪህ ይቀላል። የክፍለ ሀገር ኑሮ ርካሽ ነው የሚባለው ተረት ነው። ብርዱ ሕፃን ይጎዳል። የልጅ ትምህርት ይበላሻል። ሚስትህ ሥራዋን ትታ እቤት ትውላለች። ዘመድ የሌለህ ባዳ ትሆናለህ። መንገዱም አያስተማምንም።

«ሚስትህ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሰኔ 2016 ላይ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። እኛ፣ እኔና ሁለት ልጆቻችን፣ ኮተቤ ቀረን። ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት። ሰባት ወር እንደዚያ ኖርን። ከዚያ ጥር 2017 ላይ ዕቃችንን ጭነን ተከተልነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቀምሼዋለሁ። ጸሐፊው የሚያወዳድሩት መሄድን ከመቅረት ጋር ነው። መቅረት የሚባለውን ነገር ግን ቀርተው ያዩት አይመስለኝም።

ከገንዘቡ ልጀምር፣ እሳቸውም ከዚያ ስለጀመሩ።

ባለቤቴ አዲሱ ሥራ ላይ 7,000 ብር ተጨምሮለታል። ደስ ብሎን ነበር። ታዲያ ደብረ ብርሃን አንዲት ክፍል በ2,500 ተከራየ። ብቻውን ስለሆነ አያበስልም፤ ለምግብ ቤት በወር 4,500 ያህል ያወጣል። በየሳምንቱ ለመመላለስ ደግሞ በወር 1,400። ሲደመር 8,400 ይመጣል። እሺ፣ ኮተቤ ቢሆን ኖሮ ከእኛ ጋር የሚበላውን ልቀንስለት። ቢበዛ ሂሳቡ እኩል ለእኩል ይወጣል። ማለትም ጭማሪውን ለአከራይ፣ ለምግብ ቤትና ለሚኒባስ ስናከፋፍለው ሰባት ወር ቆየን። «ብቻህን ብትሄድ ትቆጥባለህ» የሚለው አንድ ቤት ብቻ ላለው ላጤ ይሠራል። ሁለት ምድጃ የሚያነድ ሰው ምኑን ይቆጥባል?

ገንዘቡ ግን ትንሹ ነው።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። ላምበረት መናኸሪያ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። ደክሞት፣ አቧራ ለብሶ። ልጆቹ እስኪመጣ አንተኛም ይላሉ። ትንሹ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ጠብቆ ጠብቆ ወለል ላይ ይተኛል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ የተበላሸ አምፖል፣ የሚፈስ ቧንቧ፣ የሳምንቱ ወሬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦርሳውን ያነሣል። አንድ እሑድ አንድ እግር ጫማው ጠፋ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን፣ ጓዳ፣ በረንዳ ፈለግን። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ ልጄ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቃው ተገኘ። አምስት ዓመቷ ነው። ማንም አልሳቀም። የዚያን ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ሰኞ በጠዋት መኪና ሄደ።

እኔም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሁለት ልጅ እናትም አባትም ነበርኩ። ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ማታ ትኩሳት ሲነሣ ማንን ልቀስቅስ? ጸሐፊው «ቤተሰቡን አትንቀል» ሲሉ ቤቱ እዚያው ባለበት የሚቆይ ይመስላቸዋል። አይቆይም። አባትየው ሲወጣ ቤቱ ያኔውኑ ተነቅሏል። ዕቃው ብቻ ነው ያልተጫነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እቀበላቸዋለሁ። ሰው ሥራ በጀመረ ማግስት ቤቱን ነቅሎ መሄድ የለበትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በቁጥር 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ስለዚህ 60 ቀኑ ይለቅ። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው። እሱ ልክ ነው። «አንድ ዓመት» ግን ከየት መጣ? ጸሐፊው አላስረዱም። እኛም ሰባት ወር የቆየነው በስሌት አልነበረም። ፈርተን ነው።

ወደ ብርዱ ልሂድ። ይሄኛው ላይ ጸሐፊው በጣም በርትተዋል። «ሕፃን ይዞ ደብረ ብርሃን መግባት ልጅን ለሳንባ ምች መስጠት ነው» ይላሉ።

ብርዱን አልክድም። ይህን የምጽፈው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የግቢያችን ቧንቧ ፀሐይ ካልነካው ውኃ የማይሰጥበት ቀን አለ። እኛ ደግሞ የገባነው በጥምቀት ሳምንት ነበር፤ የልጅቷን የትምህርት ዕረፍት ስንጠብቅ። ከቻላችሁ እንደኛ አታድርጉ። ሊጥ እንኳ እዚህ ይለግማል። ኮተቤ በሦስተኛው ቀን እጋግረው የነበረ ሊጥ እዚህ አምስተኛውም ቀን ላይ ኩፍ አልል ብሎኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ዳቦ ስንበላ ከረምን። ከዚያ አከራያችን፣ እማማ እንላቸዋለን፣ የሊጡን ባልዲ በባና ጠቅልዬ እሳት ወደነደደበት ጥግ እንዳስጠጋው አሳዩኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ መጀመሪያ ብርድ ልብስ የደረበው ሊጤ ነው።

የሳንባ ምች ግን ሌላ ነገር ነው። የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው። ከጀርሞቹ ዋነኛውን የሚከላከለው ክትባት፣ ጤና ጣቢያ ላይ ፒሲቪ የሚሉት፣ ከ2004 ጀምሮ ለሕፃናት በነፃ ይሰጣል። በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንታቸው ይወስዱታል። የትንሹ ልጄ ካርድ ላይ ሦስቱም ተሞልቷል። ካርዱን ይዤ መጣሁ፤ የኩፍኙን ሁለተኛ ዙር እዚህ ጨረስን። ለመጫን ስትዘጋጁ ከቴሌቪዥኑ በፊት ያን ካርድ ቦርሳችሁ ውስጥ አስገቡ። የእኔን ከሣህን ካርቶን ውስጥ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ጸሐፊው ስለ ብርድ ይህን ሁሉ ሲጽፉ አንድ ቃል ያላነሡት ነገር ከሰል ነው። እዚህ አዲስ የመጣን ሰው የሚጎዳው ውርጩ ሳይሆን ውርጩን የሚፈራበት መንገድ ነው። በርና መስኮት ይዘጋል፣ ክፍተቱ በጨርቅ ይደፈናል፣ ከሰል ተያይዞ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ላይነቃ ይችላል። እማማ በገባን ዕለት ማታ ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር። «ልጄ፣ እሳቱ ውጭ ይቀጣጠል፤ ስትተኙ ይውጣ። ብርዱን እኔ ልብስ እሰጥሻለሁ።» እውነትም ሰጡኝ። ከመንዝ የመጣ ከባድ የሱፍ ባና። መጀመሪያ ይኮሰኩሳል፤ በሦስተኛው ሌሊት ከእሱ ውጭ እንቅልፍ የለም።

ደግሞስ ብርዱ ልጅ የማያሳድግ ቢሆን ኖሮ ይቺ ከተማ እንዴት እዚህ ደረሰች? ነገሥታቱ በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዞሩ በነበረበት በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ መቀመጥ ያማራቸው እዚሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥት አሠሩ፣ ቀሪ ዘመናቸውን በአብዛኛው እዚሁ ኖሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ሕፃን እዚህ ታዝሎ አደገ። ከተማዋ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ይሄን ለጸሐፊው እተውላቸዋለሁ።

እናቴ ግን ከጸሐፊው ጋር ናት። አንዴ ልትጠይቀን መጥታ ሦስት ቀን ቆየች። «ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?» ብላ ጉልበቷን እያሸች ተመለሰች። አሁን ክረምት ሲመጣ ልጆቹን እኛ እንወስድላታለን።

ኑሮ ርካሽ አይደለም ያሉት ነጥብ ላይ ግማሹ እውነት ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዳይፐር አዲስ አበባ ከምንገዛበት አይቀንሱም፤ እንዲያውም የሚበልጡ አሉ። የቤት ኪራይም እንደ ድሮው አይደለም። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ከየቦታው ተፈናቅሎ የተጠለለውም ሕዝብ ብዙ ነው። «ወጪያችሁ በግማሽ ይቀንሳል» ያላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ኮተቤ ለሁለት ክፍል 9,000 እንከፍል ነበር። እዚህ ለተመሳሳይ ቤት 5,000። ድንች፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ በደህና ዋጋ ይገኛል። ጸሐፊው «ተረት» ያሉት ነገር በወር 4,000 ብር ነው።

የመጫኛውን ወጪ አለማንሣታቸው ገርሞኛል፤ ለእሳቸው ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ይሆናቸው ነበር። አይሱዙው እሺ። ጫኝና አውራጆቹ ግን! ከሁለተኛ ፎቅ አንድ አልጋ፣ አንድ ፍሪጅና አሥር ካርቶን ለማውረድ የጠሩትን ዋጋ ስሰማ ባለቤቴ እስኪመጣ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ራሳችን እናውርድ ስንልም አይሆንም ተባልን። የመኪናውን ኪራይ ግማሽ የሚያህል ከፈልን። ሥራ ስትዋዋሉ ለዕቃ ማጓጓዣ አሠሪው ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም። ጠይቀው የተሸፈነላቸው የባለቤቴ ባልደረቦች አሉ።

ትምህርቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው «ከአዲስ አበባ የወጣ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል» ይላሉ። የግል ትምህርት ቤት ምርጫው እዚህ ያነሰ ነው፣ ትክክል። ግን እየተነጋገርን ያለነው ስለ ኬጂ ልጅ ነው። ልጄ ኮተቤ ሳለች ሰርቪስ የሚወስዳት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አፏ ላይ ዳቦ እንደያዘች ወንበር ላይ ትተኛለች። አሁን አሥር ደቂቃ በእግሯ ትሄዳለች። ፊደሉን ጨርሳለች። ለምዝገባ ከድሮ ትምህርት ቤቷ መልቀቂያ፣ ለእኛ ደግሞ ከወረዳችን መሸኛ አስፈልጎናል፤ እሱን ይዞ መምጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ዳኞች ስንቱ በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት እንዳለፈ ጸሐፊው ጎረቤታቸውን ቢጠይቁ ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ። «ሚስትህ ሥራዋን ትታ እቤት ትውላለች።»

እውነት ነው። ዋልኩ። ስምንት ወር።

አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በእጄ የሚገባው 8,000 ብር ነበር። ከዚያ ላይ 3,500 ለሞግዚት ይሄዳል። ለታክሲና ለምሳ 2,000። የሚተርፈኝ 2,500። ስለዚህ ስንነጋገር ባለቤቴ ወረቀት ላይ ጻፈው፦ «ያንቺ ሥራ ቢቀር የምናጣው 2,500 ነው፤ ከጭማሪውና ከቤት ኪራዩ የምናገኘው 11,000።» ሂሳቡ ልክ ነው። እኔም የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ደምሬ ቀንሼ ልክ መሆኑን አየሁ። ሆኖም የሆነ ነገር ከነከነኝ። ምን እንደሆነ የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። የሞግዚቷ ደመወዝ ለምን ከእኔ ብቻ ይቀነሳል? ልጆቹ የሁለታችን ናቸው። ከሁለታችን ላይ እኩል ቢቀነስ የእኔ ሥራ 2,500 አይደለም የሚያወጣው።

ጸሐፊው ለእኔ ካዘኑ አይቀር ይሄንንም ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላም አለ። በግል ድርጅት ስትሠሩ ከደመወዛችሁ 7 ከመቶ እናንተ፣ 11 ከመቶ አሠሪው ለጡረታ ያስገባል። ሥራ ስታቆሙ ሁለቱም ይቆማል። የእኔ የስምንት ወር ጡረታ ቀርቷል። የሥራ ልምዴም ላይ ክፍተት ገብቷል። እነዚህ ወጪዎች ናቸው፤ ወረቀታችን ላይ ግን አልተጻፉም ነበር።

ታዲያ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው የት ላይ ነው? መድኃኒቱ ላይ። እሳቸው «ሥራዋን እንዳታጣ እዚያው ተዋት» ይላሉ። ሰባቱን ወር ሥራዬን ይዤ ነበር፣ እስቲ እንዴት እንደያዝኩት ልንገራችሁ። ልጅ ሲታመም የምቀረው እኔ ነኝ። ሞግዚቷ ሳትነግረን ስትጠፋ የምቀረው እኔ ነኝ። በአምስተኛው ወር አለቃዬ ጠርተው «ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን አውቃለሁ። ባልየው የሌለበት ቤት ውስጥ የሚስት ሥራ ብዙ አይሰነብትም።

እዚህ ስመጣ መጀመሪያ ለሁለት ባለሱቆች መዝገብ መያዝ ጀመርኩ። ግብር ሲደርስ አራት ሆኑ። ልጆቹ ሲተኙ እሠራለሁ። መስከረም 2018 ላይ በቋሚነት ተቀጠርኩ። የሙከራ ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ይህን የምለው «ሁሉም ያልፋል» ለማለት አይደለም። ያላገኙ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ሁለት ዲግሪ ይዘው። አንድ ሰው ለባሏ ሥራ ብላ ከተማ ስትቀይር የእሷ ሥራ ፍለጋ ዕቃው ከመጫኑ በፊት መጀመር አለበት። እኛ ዕቃው ከወረደ በኋላ ነው የጀመርነው። ስምንቱ ወር የዚያ ዋጋ ነው።

«ባዳ ትሆናለህ» የሚለው ላይ ትንሽ ፈገግ አልኩ። ጸሐፊው ይህን ያሉት ከአዲስ አበባ ሆነው ነው። አዲስ አበባ እኮ በ1879 ስትቆረቆር የገባባት ሰው ሁሉ ባዳ ነበር። ምኒልክ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት መቀመጫቸው አንኮበር ነበር፤ አንኮበር ደግሞ ከዚህ ቅርብ ናት። ከዚያ የተነሣ ስንት መኳንንት፣ ስንት ባለሙያ፣ ስንት ወታደር ሚስቱንና ልጁን በበቅሎ ጭኖ ሥራ ወዳለበት ወርዷል። እኛ በአይሱዙ መንገዱን መልሰን ወጣነው፣ ይኸው ነው።

ብቸኝነቱ ግን ውሸት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከበዱኝ። ቡና ለብቻ አይጠጣም። አፍልቼ ለሁለተኛው ስኒ ሰው የለም። ስልኬን ስኒው አጠገብ አስደግፌ ከእናቴ ጋር እጠጣ ነበር፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አቦሉን ከእሷ፣ ቶናውን ብቻዬን። ያ የቆመው እማማ አንድ ቀን የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ሳይጠሩ ሲገቡ ነው። «ጭሱን አይቼ ነው የመጣሁት» አሉ። ከዚያ ወዲያ እኔ ዘንድ ማክሰኞ፣ እሳቸው ዘንድ ሐሙስ ሆነ። ዕድርም ገባን። «ዕድር እንኳ አይቀበልህም» ያሉት ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ መመዝገቢያውን ከፍለን በወሩ አባል ሆንን። ሰኔ ላይ አክስቴ አዲስ አበባ ሲያርፉ ቀብር ደርሼ ተመለስኩ። ስገባ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ሴቶቹ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዳቸውም አክስቴን አያውቋቸውም። ለቅሶ የተቀመጡት ለእኔ ብለው ነው።

የመጨረሻው የመንገዱ ነገር ነው። ይህን ቀለል አድርጌ አላልፈውም፣ መብታቸውም ነው ማንሣታቸው። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ ነበር። ከ2015 ወዲህም በክልሉ ግጭት አለ። መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት አሉ። ባለቤቴ አንድ ሳምንት ሙሉ መምጣት ያልቻለበት ጊዜ ነበር፤ ስልክም አልሠራ ብሎ። ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። «በዚህ ሁኔታ አልሄድም» የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ሥራውን ይተወው። ያ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው።

ጸሐፊው ግን ሥራውን ተው አላሉም። «መንገዱ አያስተማምንም፣ ስለዚህ ቤተሰብህን ትተህ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለስ» ነው ያሉት። ይሄን ሁለቴ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 260። በዓመት 50 ጊዜ ቢመላለስ 13,000 ኪሎ ሜትር። ያልታመነውን መንገድ አንዴ ከነቤተሰብ አቋርጦ ከመቀመጥና በየሳምንቱ ሁለቴ ከመሄድ የቱ ነው አደጋው የሚበዛው? እኛ ከመጣን ወዲህ ያን መንገድ የያዝነው ለበዓል፣ ለለቅሶና ለእናቴ ነው። መንገድ ሲዘጋም ቢያንስ አንድ ቤት ውስጥ ነን።

ጽሑፋቸው የሚያልቀው «ሥራው ባይሳካ ተመልሰህ የምትገባበት ቤት ይኑርህ» ብለው ነው። ተከራይ ነን። የምንመለስበት ቤት ድሮም አልነበረንም። የኮተቤውን ቤት በለቀቅን በሳምንቱ ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ በ11,000 ብር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ከኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ጠሩት። ደመወዙ ደህና ነው። አገሩም ሞቃት ነው፤ «ሊጥሽ በሁለት ቀን ይቦካልሻል» ብሎ ሊያባብለኝ ሞክሯል። አሁን ግን ሥራ ያለኝ እኔም ነኝ። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። በዚህኛው ወረቀት ላይ የእኔ ደመወዝ ሳይቀናነስ ሙሉው ይጻፋል፣ ከጡረታው ጋር። የሞግዚቷ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። እምቢ ልንል እንችላለን፣ እሺም ልንል እንችላለን። ባለቤቴ ብቻውን ሄዶ ይየው የሚለው ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

እስከ ዓርብ መልስ ስጡን ብለዋል። ሐሙስ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እንቀመጣለን።